ከሙከራዎ በኋላ የመጣው ድምፅ

አሶሳ፣ ጥር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

«ውድ» ያልኩት እጄ ለምዶብኝ ነው። ጤናዎን ልጠይቅ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፤ ሳልጠይቅ ልቀጥል።

ወደ ወሎ ሲመለሱ ጥለውት የሄዱትን የካሴት ዴክ «ሞክሪውና የሚሠራ ከሆነ በሹፌሩ በሞላ እጅ ላኪልኝ» ብለው ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሞከርኩት። አቧራውን ጠረግኩ፣ ውስጡን አልኮል በነካ ጥጥ ወለወልኩ፣ የላላውን ቺንጋ አማል ከገበያ ባመጣችልኝ አዲስ ለወጥኩ። አማል ጎረቤቴ ናት፣ የበርታ ልጅ፤ ክልሉ ሲቋቋም አብረን በጸሐፊነት ተቀጠርን። የድምፁን ልክ የሚያሳዩት መርፌዎች ሲዘሉ ሁለታችንም አጨበጨብን። አንዱን ካሴት ስናወጣ ሌላውን ስንከት፣ ወፍራሙን ድምፅ ስንጨምር ቀጭኑን ስንቀንስ፣ እንደ ልጅ ተደሰትኩ። እንዲያውም «አባባ ይህን ቢሰሙ» ብዬ ናፈቅኩዎት። ይህንንም ይወቁት።

ከዚያ ቀይ ምልክት ያለበትን ካሴት ከተትኩ። መጀመሪያ የርስዎ ድምፅ መጣ። «ሙከራ፣ አንድ፣ ሁለት» ይላሉ። ቀጥሎ ክራርዎ። ክራሩ ሲያልቅ ላጠፋ እጄን ስዘረጋ፣ ቋ አለና ሌላ ሰው ተናገረ።

«…ይሄ ሦስተኛ ካሴት ነው፣ አስረሳሽ። ሱዳን በደህና ገብተናል። ወላሂ፣ ቃሌ ያው ነው። እስከ ኢድ መልስሽን እጠብቃለሁ። አባትሽን ሰላም በይልኝ።»

አብዲ ነው። በ82ቱ ጦርነት ከእናቱ ጋር ሲሸሽ መንገድ ላይ ሞተ ብለው እርስዎ የነገሩኝ አብዲ። አብሮኝ የተማረው፣ ላገባው ቃል የገባሁለት አብዲ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሳለቅስ አጠገቤ ተቀምጠው «እግዜር ያጽናሽ» ብለውኛል። ከሱዳን በነጋዴዎች እጅ የላካቸው ካሴቶች ያን ጊዜ የት ነበሩ? ሣጥንዎ ውስጥ? ስንት ቀን ቆይተው ነው ክራርዎን የቀዱበት? በሰው ድምፅ ላይ!

ማክሰኞ ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ወደ አብዲ ቤተሰብ አገር፣ ሆሞሻ ሄድኩ። እናቱን፣ ሂባን፣ ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። አወቁኝ፤ ግን አልተነሡም።

«ልጄ ሦስት ካሴት ላከ። አንቺ ዝም አለ» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«ሞቷል ተብዬ ነው፣ እማማ።»

«ማን አለ?»

«አባቴ።»

ሰፌዱን አስቀመጡና በቋንቋቸው ወደ ውስጥ ተጣሩ። አብዲ ወጣ። ከሱዳን የተመለሰው አምና ነው። ሚስቱ ሀምዲያ ልጅ ታቅፋ ተከተለችው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«ብስክሌት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው እኮ» አለ።

ሀምዲያ ውሃ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ተነሣሁ። ምን ላድርግ? የሰው ትዳር ላፍርስ?

«ለአንቺው ብዬ ነው» ብለው እንዳይጽፉልኝ። የሃይማኖቱን ነገር አላጣሁትም። ፊት ለፊት «አይሆንም» ቢሉኝ እጣላዎት ነበር፣ እለምንዎት ነበር፣ ምናልባት እሸነፍልዎትም ነበር፤ ከርስዎ ሌላ ማን ነበረኝ? እርስዎ ግን በሕይወት ያለ ሰው ቀበሩ፤ እኔን ባዶ መቃብር ላይ አስለቀሱኝ። አራት ዓመት ጥቁር ለብሼ ፊትዎ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ አላሳዘንኩዎትም?

ዴኩን ሞላ ይዞልዎት ይመጣል፤ በደንብ ይሠራል። ካሴቱ እኔ ዘንድ ይቀራል።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለሂባ በገዛ እጅዎ ይጻፉላቸው። «ልጅዎ ልኳል፤ ልጄ አልሰማችም፤ የደበቅኩት እኔ ነኝ» ይበሏቸው። አማል በበርታ ቋንቋ ታነብላቸዋለች። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ያ እስኪሆን ለእኔ አይጻፉ፤ ቢጽፉም ፖስታውን አልከፍተውም።

አስረሳሽ