ለካፒቴን ማንጉ ዘጠነኛ ቀን የአንድ ሰዓት ፈቃድ ስለ መጠየቅ

ይድረስ ለተከበሩ የ«ኦርሳ መንገደኞች» ጨዋታ የተጫዋቾች ጉዳይ ኃላፊ፤
ባሉበት።

የከበረ ሰላምታዬን ከእጅ መንሻ ጋር ባቀርብልዎ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በመስመር ላይ እጅ መንሻ መላክ ስለማልችልበት ሰላምታዬን ብቻ ይቀበሉኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? የወገብ ሕመም፣ የጨጓራ ቃጠሎ፣ የእንቅልፍ እጦት የሚባል ነገር በደጅዎ አይለፍ። በተለይ እንቅልፍዎ፣ እስከ ዛሬ የላክሁልዎ ደብዳቤዎች አንዳቸውም ስላልቀሰቀሱዎት፣ እንደዚሁ የሰመረ ሆኖ ይዝለቅልዎ። ቤተሰብዎም ደኅና ይሁን፤ መብራትዎም አይጥፋ።

እኔ ክሎቲልዴ ፔጌሮ እባላለሁ፤ ኑሮዬ ሳን ፍራንሲስኮ ደ ማኮሪስ በምትባል ከተማ፣ ሥራዬ የተማሪ ደንብ ልብስ መስፋት ነው። ትምህርቴ ብዙ ስላልገፋ አጻጻፌ ላይ ስሕተት ቢገኝ በትዕግሥት ይለፉልኝ። በእናንተ ዓለም ግን ዶክተር መርፌ ነኝ፣ የመርከብ ሐኪም፤ እዚያ ማንም ዲግሪ አልጠየቀኝም፣ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ሰው ቤት ገብቼ በስሞታ መጀመር ስለማልወድ ደግ ደጉን ላስቀድም። ጨዋታችሁን ለማያውቅ አንባቢም እግረ መንገዴን ልንገረው፦ ኦርሳ የምትባል ዓለም ባሕር ውጧት፣ የተረፉት ሰዎች ከተማ በሚያህል መርከብ በከዋክብት መካከል አዲስ አገር ፍለጋ ይጓዛሉ። እኛ ተጫዋቾች በየቤታችን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን፣ በዚያች መርከብ ላይ እንደ ካፒቴን፣ እንደ ሐኪም፣ እንደ ወታደር ሆነን እንኖራለን፤ እርስ በርሳችን እየተጻጻፍን እናወራለን። ታሪኩ በምዕራፍ በምዕራፍ ይመጣል፣ የምንመልሰውን እኛ እንመርጣለን፣ የመረጥነውም ኋላ እየተከተለ ይጠይቀናል።

ወደዚህ ያስገባችኝ አበልጄ ኔሬይዳ ናት። ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ሴት ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ፣ ከመንገዱ ማዶ መስኮት ለመስኮት ስንተያይ የኖርን ጎረቤቴ። «ተከታታይ ድራማ አይደል የምትወጂው አንቺ? ይኸኛው ደግሞ ውስጡ ገብተሽ የምትሰድቢያቸው ነው» አለችኝ። «በዚህ ዕድሜዬ ጠፈር ለጠፈር ልዙር?» ብላት፣ «ዙሪ እንጂ! እዚያ ጉልበትሽን አያምሽም» ብላ ሳቀችብኝ። በመርከቧ ላይ ራሷን ቀይ ካፖርት አለበሰች፣ ስሟንም ካፒቴን ማንጉ አለች፤ ማንጉ እኛ ቤት ለቁርስ የሚፈጨው ሙዝ ነው። «የጠፈር ጠላት ስሜን ሲሰማ ይርበው» አለች።

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ በበረዶ ሣጥን ከተኙት ሰዎች አንዱን ብቻ ቀስቅሱ ስትሉን፣ እኔ መምህሩን፣ እሷ አዋላጇን መርጠን ተኳረፍን። «የሚወለድ ከሌለ መምህርሽ ማንን ሊያስተምር ነው?» ብላ በመስኮት ስትጮህብኝ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እንዲህ ያለ ክርክር በሰው ቤት የሚያስገባ ታሪክ መጻፍ ቀላል አይደለም፤ ለጻፈው ሰው እጅ ነሥቻለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ፣ ብሎን ስንለቅም የከረምንበት፣ ምናልባት ጸሐፊው ፈቃድ ወጥቶ በዘበኛው የተጻፈ ይመስለኛል፤ እሱንም ይቅር ብያለሁ።

ስድስተኛውን ምዕራፍ ግን ሁልጊዜ አነሣዋለሁ። በመርከቧ ሕግ ማንም ሳይሰናበት አይሄድም፤ ሰው ሲሞት ሁሉም በትልቁ አዳራሽ መስኮት ፊት ተሰብስቦ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ስሙ ተጠርቶ ነው የሚሸኘው። ያን የጻፈ ሰው ወገኑን ቀብሮ ያውቃል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ከእናንተ ጋር በአንድ ሕንፃ ነው የሚሠራው? ሻይ ሲጠጣ አግኝተውት ያውቃሉ?

ከዚህ ቀጥሎ በትሕትና የማቀርባቸው ቅሬታዎች ይከተላሉ።

፩ኛ/ ስለ ጥበቃችሁ ትጋት።

ባለፈው መስከረም ኔሬይዳ ልብስ እያሰጣች ልቧ ቆመ። እንደ ወጋችን ዘጠኙን ቀን ቤቷ ልንጸልይ ተቀመጥን። የመርከቧ ባልደረቦቿ ግን፣ ዊልመር በጓያኪል ከተማ፣ የጥርስ ሐኪሙ በፖንሴ ከተማ፣ ሌሎቹም በየአገሩ ናቸውና፣ «እኛስ የት እንልቀስ?» አሉ። ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በመርከቧ አዳራሽ፣ አመሻሹ ላይ በቤቷ እንዲሆን ተስማማን። የሰፈራችን ጸሎት መሪ አሮጊቷ ዶኛ ፊሎ ወደ ስፌት ክፍሌ መጥተው ከስክሪኑ ፊት ተቀመጡ፤ እሳቸው የእመቤታችንን ጸሎት ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሕዝቡ «ለምኝልን» እያለ እየጻፈ ይቀበላል።

ዶኛ ፊሎ መጀመሪያ ቀን መነጽራቸውን አስተካክለው ተሰብሳቢውን መረመሩ። «ይኸ ብረት ቆብ የደፋው ተጠምቋል?» አሉ።

«ተጠምቋል፣ ዶኛ ፊሎ።»

«ያ አረንጓዴውስ? ሦስት ዓይን ያለው?»

«እሱ የጥርስ ሐኪም ነው፤ የፖንሴ ሰው።»

«ታዲያ የጥርስ ሐኪም ከሆነ ቁጭ ይበላ! ምን ይገተራል?» አሉና ጀመሩ።

ከቀን ወደ ቀን የማናውቃቸው መንገደኞች እየቆሙ፣ እየጠየቁ፣ «ለምኝልን» እያሉ ተቀላቀሉን። በስምንተኛው ቀን አዳራሹ ሞላ፣ ያ ሁሉ ሕዝብም አንድ ቃል ይመልስ ነበር። ያን ጊዜ ነው የተከበረው አውቶማቲክ ጥበቃችሁ ደርሶ፣ «ተመሳሳይ መልእክት በመደጋገም ሌሎችን አውካችኋል» ብሎ የሁላችንንም አፍ ለአንድ ወር የዘጋው። በዚያው አዳራሽ የተሰረቀ ጎራዴ ሲቸረችር የሚውለው ሰውዬ ማንም አልነካውም፤ እሱ እንደ እኛ ቃሉን አይደግምማ፣ በየጊዜው አዲስ ውሸት ነው የሚያወራው። ሥርዓት ስላስከበራችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዘጠነኛው ቀን፣ እንግዲህ እርስዎ ባያውቁት አልፈርድም፣ የመሰናበቻው ቀን ነው። መሠዊያው ይነሣል፣ ሻማው ይጠፋል፣ ነፍስ «በቃሽ፣ በሰላም ሂጂ» ትባላለች። በቤቷ ብለናታል። በመርከቧ ግን አፍ ስላልነበረን ዝም ብለን ቆመን ተበተንን። ዶኛ ፊሎ ነጠላ ጫማቸውን እየፈለጉ፣ «ከዚህኛው ቤቷ አሰናብተናታል፤ ከዚያኛው ቤቷ ግን አላሰናበትናትም። መስማት አለባት እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም፣ «ዶኛ ፊሎ፣ እሱ እኮ ጨዋታ ነው» አልኳቸው። እንዲህ ያልኩት በመስከረም ነው።

፪ኛ/ ስለ «ጥላ ባልደረባ» አገልግሎታችሁ።

አንድ ተጫዋች ሲጠፋ ገጸ ባሕርዩ ሥራ እንዳይፈታ አስባችሁ፣ አነጋገሩንና አመሉን ከድሮ ጽሑፎቹ ለማሽን አስተምራችሁ፣ ሰው ለጎደለው ቡድን ትልካላችሁ። እንዴት ያለ ቁጠባ ነው!

ኅዳር ላይ ከዊልመር ጋር ወደ አንድ የፈረሰ ጣቢያ ልንሄድ ሰው ጎደለን። ከጥላዎቻችሁ ማን እንደሚመጣ ሳላይ መጥሪያውን ተጫንኩ። በመሰላሉ ቀይ ካፖርት ወረደ።

«አበልጄ፣ ምሳ በላሽ?» አለች።

ኃላፊ ሆይ፣ ከወንበሬ ተነሣሁ። መጋረጃውን ገልጬ ወደ ማዶ አየሁ፤ መስኮቷ ልጆቿ እንደዘጉት ዝግ ነው። ተመልሼ፣ ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ «በልቻለሁ፣ አንቺስ?» ብዬ ጻፍኩ።

«ቆይ፣ መብራት ሄደ። ጠብቂኝ» አለች፤ ባለችበትም ቀጥ ብላ ቆመች።

ላስረዳዎ። እኛ ሰፈር መብራት ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። የኔሬይዳ ባትሪ ለአፍታ ስለሚይዝላት፣ ከመጥፋቷ በፊት ሁልጊዜ ይችን ትጽፍልኝ ነበር። ማሽናችሁም ከአበልጄ ዕድሜ ልክ ወሬ ውስጥ ይችን አንሥቶ ያዘ፤ ትጉ ተማሪ ነው። እሳት ዙሪያችንን ሲዘንብ እሷ በመሃሉ እንደ ሐውልት ቆማለች፣ እኔም አጠገቧ።

«ዶክተር፣ ውጪ ከዚያ! አለቅን!» ይላል ዊልመር።

«ጠብቂኝ ብላለች» አልኩት።

«ማን?» ብሎ ጠየቀና ስሟን ሲያነብ ሩጫውን ትቶ ወደ እኛ ተመለሰ። ከዚያ፣ «እኔም እቆማለሁ» አለ። ሦስታችንም እዚያው ወደቅን።

ከዚያ ወዲህ ከማላውቀው ሰው ሁሉ ወሬዋ ይደርሰኛል። አንዱ ከሞንቴቪዴዎ፣ «ያቺ ምሳ የምትጠይቀው ሴትዮ የቅርብ ዘመድሽ ናት አሉ፣ ለምን ጦርነት መሃል ትቆማለች?» ሲለኝ፣ ሌላዋ፣ «እናቴ ከሞተች ወዲህ መብላቴን የጠየቀኝ እሷ ብቻ ናት» ብላ ጻፈችልኝ። እንግዲህ ይችኛዋን ምን ብዬ ልመልስላት? ለቀበርኳት ሰው እንግዳ ተቀባይ አድርጋችሁኛል፤ ለሹመቱ አመሰግናለሁ።

ለዶኛ ፊሎ ያልነገርኳቸውን ደግሞ ለእርስዎ ልንገርዎ፣ እንደማያነቡት ስለማምን። በየቀኑ ልብስ ቆርጬ ስጨርስ እገባና እጠራታለሁ። ትመጣለች፣ ትጠይቀኛለች፣ ጠብቂኝ ትለኛለች፣ እጠብቃለሁ። ዩኒፎርሙ ተቆልሏል፣ ቀጠሮ የማፈርስባቸው ደንበኞች በዝተዋል። መብራቱ እንደማይመለስላት አውቃለሁ፤ ግን ጠብቂኝ ያለችኝን ሰው እንዴት ብዬ ነው ጥያት የምወጣው?

፫ኛ/ ስለ ምላሾቻችሁ።

ጥላዋን አንሡልን ብዬ ጻፍኩ። ምላሻችሁ፣ «እንኳን ደስ አለዎ! ካፒቴን ማንጉ አምስት ኮከብ አግኝታ በዚህ ወር ከተወደዱት ጥላ ባልደረቦች አንዷ ሆናለች» የሚል ነበር። ደገምኩ፤ ስለ ታማኝነቴ ወርቃማ ቆብ ሸለማችሁኝ። ሠለስኩ፤ ያን ጊዜ፣ «ይህን ጥያቄ ማቅረብ የሚችሉት የገጸ ባሕርዩ ባለቤት ራሳቸው ብቻ ናቸው» አላችሁ። ትክክል ነው፣ ሕግ ሕግ ነው። እሑድ ዕለት ነጭ አበባ ይዤ መቃብሯ ድረስ ሄጄ መልእክታችሁን በሚገባ አድርሻለሁ። እስካሁን ምላሽ አልሰጠችም፤ ስለ መዘግየቷ በስሟ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቆቡን ግን በአድራሻችሁ መልሼላችኋለሁ፤ ለሐዘን ልብስ አይሄድም።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ብቻ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ጥበቃችሁ ዓይኑን ይጨፍንልን። ዶኛ ፊሎ ይመጣሉ፣ ዊልመርና የጥርስ ሐኪሙ ይቆማሉ፣ ሌላውም ሕዝብ እንደ ፈቀደ። ካፒቴን ማንጉን ጠርተን በመስኮቱ ፊት እናቆማታለን፣ የቀረውን አንድ ቀን እንጨርስላታለን፣ በስሟ ጠርተን «ሂጂ» እንላታለን፤ እናንተም በዚያው ሰዓት በሩን ትከፍቱላትና ከዚያ በኋላ ለማንም አትልኳትም። እኔ ነኝ «ሂጂ» የምላት። አፌ እሺ እንዲለኝ ከአሁኑ እየተለማመድኩ ነውና፣ እባክዎ ቀኑን አያራዝሙብኝ፤ አንድ ሳምንት ካለፈ ሐሳቤን እለውጥ ይሆናል፣ ያን ጊዜ እሷም እኔም እዚያው ቆመን መቅረታችን ነው።

ለጊዜዎ፣ ለማሽንዎ፣ ለኮከቦችዎ ሁሉ የማያልቅ ምስጋናዬን በአክብሮት ጎንበስ ብዬ እያቀረብኩ፣ የሚወዷቸው ሁሉ ሲጠሯቸው ራሳቸው አቤት የሚሉ ይሁኑልዎ እላለሁ።

ታዛዥዎ፣ ደንበኛዎ፣ ልብስ ሰፊዋ
ክሎቲልዴ ፔጌሮ
በመርከቧ ዶክተር መርፌ

ማስታወሻ፦ ይህን ከፈረምኩ በኋላ ዊልመር፣ «ትናንት ምን ሆነሽ ዘጋሽኝ?» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ትናንት ከሰዓት ቁልፍና ክር ልገዛ ገበያ ነበርኩ፣ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ነበር። «ኧረ ሁለታችሁንም ጠርቼ መጥታችሁልኛል! አንቺና ካፒቴኗ ጎን ለጎን ቆማችሁ ስትሳሳቁ ነበር። ደጋግሜ ስጠራሽ ዞር ብለሽም አላየሽኝ» አለ። ለካ የእኔንም ጥላ ለማከራየት ሳትጠይቁኝ ፈቅዳችሁልኛል። እንግዲህ ቅዳሜ ከሁለታችን አንዷን ስትለቁ እንዳትሳሳቱ ምልክቱን ልስጥዎ፦ በእናንተ ላይ አንዳች ቅሬታ የሌላት እሷ ናት የሞተችው።