በኮረሪማ መሐል የመጣው መጽሐፍ

ለወንድሜ ለጋረደው፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሃል? ያ የጠመኔ ብናኝ ያስቸገረው ዐይንህስ እንደምን ሆነልህ? ባለቤትህ ሣህሊቱ እንደምን አለች? አክስታችን አሰጋሽ ጉልበቷ ተሽሏት ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች? ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። አለሁ ማለቴ ለወግ አይደለም። ሞታለች ብለህ በመጽሐፍ የጻፍህላት እህትህ ያለምወርቅ ነኝ። ደንግጠህ ወረቀቱን እንዳትጥለው። ሙት ደብዳቤ አይጽፍም፤ ሙትን የጆንያ መርፌ አይወጋውም፤ እኔን ግን ዛሬ ጠዋት አውራ ጣቴን ወግቶኛል።

ጽሕፈቱ የማን ነው ብለህ እንዳትጨነቅ። የራሴ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ መተማ ላይ ነው። ዘማቹ ልጅ ከጎተራ ጥላ ሥር አስቀምጦ ሀ በሉ ሲለን እኔ እስከ መጨረሻው ሳልሳሳት በቃሌ ወረድሁለት። እናቴ፣ የት ተምረው ነው አለኝ። ከአጥር ውጭ አልሁት። ሳቀ። በሁለተኛው ዓመት ያው ያስተማረኝ መንግሥት ባሌን አሰረው፤ ከእስር ቤትም ሬሳው ወጣ። በአንድ እጁ ፊደል ሰጠኝ፣ በሌላው ቤቴን ዘጋው። ላመስግነው ወይስ ልርገመው እያልሁ በገላባት በኩል በእግሬ ተሻገርሁ። ከእኔ ጋር ከወጡት ሦስት ሴቶች ሁለቱን የበረሃው ጥም አስቀራቸው። የሞቴ ወሬ የደረሰህ ከዚያ ይመስለኛል። አለሁ ብዬ ያልላክሁብህ አንድም ለአንተ ፈርቼ ነው፤ የመንግሥት አስተማሪ ሱዳን የገባች እህት አለችው እንዳይባልብህ። አንድም ስላልፈለግሁ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን ገዳሪፍ ነኝ። ሰሊጥ ገበያ ውስጥ ጆንያ እሰፋለሁ። ይህ ወር አዝመራው የሚገባበት ስለሆነ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። ጁምዓ ግን ገበያው ይዘጋል። የዚያን ቀን ከእርሻ የመጡት የጎንደርና የመተማ ሠራተኞች፣ እዚህ የከረምነውም ሐበሾች፣ ከሰዓት በኋላ ከወልደ ማርያም ግቢ ከኒም ዛፉ ሥር እንሰበሰባለን። ወልደ ማርያም የእድራችን ሰብሳቢ ነው። እዚያ ስለሺ የሚባል፣ ትምህርቱን ጥሎ የተሰደደ ልጅ፣ አንድ ሣጥን መጽሐፍ ነበረው። በየጁምዓው ተነሥቶ ለሳምንቱ የሚበጀውን ይናገራል፤ ከሣጥኑ የትኛው መጽሐፍ ቢነበብ፣ ከሲኒማው የትኛው ፊልም ቢታይ፣ ከሐጅ አደም ሻይ ቤት ቴሌቪዥን የትኛው ቢጠበቅ ይሻላል ብሎ። አምና ካርቱም ሲሄድ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። መጽሐፍ ተውሶ የሚያስቀር ሁሉ እትዬ ያለምወርቅን ይፈራል ብሎ ነው። አንድ ሕግም ትቶልኛል፤ ያልጨረሱትን አይምከሩ የሚል።

እኔም ነገሩን እንደ ቀልድ አልያዝሁትም። ሳምንቱን ሙሉ ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመ ሰው አንዲቱን ዕረፍቱን በማይረባ ነገር ቢያጠፋት ኃጢአቱ በእኔ ነው። በጥቅምት አንድ የህንድ ፊልም መጣ። ከሥር የሚጻፈው ዐረብኛ ነው፣ ዐረብኛ አላነብም፤ ግን ሰው ሲዋሽ ለማወቅ ምን ቋንቋ ያስፈልጋል? እናቱ ታማ ተኝታ ሳለ ልጁ ስምንት ልብስ እየለዋወጠ በየጋራው ይዘፍናል። አትሂዱ አልሁ። ሁሉም ሄዱ። እትዬ ያለምወርቅ የሰደቡት ፊልም ደስ ሳይል አይቀርም ይላሉ። ሐጅ አደም ይህን ሰምቶ፣ አንቺ ሐጃ፣ እባክሽ በሚመጣው ሳምንት የእኔን ቴሌቪዥን ስደቢልኝ፣ ወንበሩ ባዶ ነው አለኝ። መካ እንደ ደረሰች ሴት ሐጃ ብሎ የሚጠራኝ ክርስቲያን መሆኔ ጠፍቶት አይደለም፣ ሊያበሽቀኝ ነው። የእሱን ግን አልሰደብሁም። ሙሰልሰል የሚሉት ተከታታይ የግብፅ ታሪክ አለ፤ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ይካሰሳሉ። ሠላሳ ቀን ሙሉ አንዱም እኔ ነኝ የበደልሁ አይልም። ይህን እዩ አልኋቸው። እየተጓተተ ያናድዳል፣ እውነት ግን ነው።

መጽሐፍ የሚያመጣልን ደጉ የሚባል ነጋዴ ነው። ከመተማ ቅመም ይዞ ገላባት ይገባል፤ ይህን ደብዳቤ የሰጠህም እሱ ነው። መጽሐፍ ከኬላ እንዳይያዝበት ሽፋኑንና ስም ያለበትን ቅጠል ገንጥሎ ይጥልና የቀረውን እንደ መጠቅለያ ወረቀት ከቅመሙ መሐል ይከተዋል። ስለዚህ እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሁሉ ስም የለሽ ነው። ማን እንደ ጻፈው አናውቅም። የምንጠራው በመጣበት ነው፤ በርበሬው፣ ዝንጅብሉ፣ ጥቁር አዝሙዱ እያልን። በርበሬውን የሚያነብ ሁሉ እያነጠሰ ነው። የአንተ መጽሐፍ በኮረሪማ መሐል መጣ። ስሙም ኮረሪማው ሆነ።

እዚህ ላይ ትናንት ትቼው ነበር። መቀመጥ አቃተኝ። ሁለት መስመር እጽፍና እነሣለሁ፣ ከደጅ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ውኃ ሳልጠማ ውኃ እቀዳለሁ። ሰሞኑን ስፌቴም ተበላሽቷል፤ የሰፋሁት ጆንያ ሰሊጥ እያንጠባጠበ ሁለት ጊዜ ተመልሶልኛል። በስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰብኝም።

ኮረሪማውን እንዲህ ነው ያነበብሁት። እኔ አንባቢነቴ ዘገምተኛ ነው፣ በጣቴ እየተከተልሁ ነው። ግማሹ ላይ ስደርስ አላስችል አለኝ። አንዲት ልጅ ለወንድሟ ቆሎ ይዛ ቄስ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ከአጥሩ ጀርባ ትቆማለች፤ ተማሪዎቹ ሲጮኹ እሷ በልቧ ትከተላለች። ፊደሉን ሳታየው በጆሮዋ ለቀመችው። ወንድሜ፣ የእኔ ታሪክ ነው አላልሁም። እንደ እኔ ያለች ሌላም ኖራለች ብዬ ነው ደስ ያለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የስለሺን ሕግ አፈረስሁና ሳልጨርሰው ተነሥቼ መከርሁት። ይህን መጽሐፍ ሁላችሁም አንብቡ፣ ፊደል ያልቆጠራችሁም ይነበብላችሁ አልሁ። ሰዉ ተያየ። እትዬ ያለምወርቅ አመስግነው አያውቁማ! ማሬ የምትባል፣ ሻይ እየሸጠች ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ አንደበቷ የሚጥም ሴት አለች፤ እሷ በየጁምዓው ጮክ ብላ ልታነብ ሆነ።

በሦስተኛው ጁምዓ ማሬ ስታነብ የልጅቱ እናት ተቀምጠው ያገኘቻቸውን ልጆቿን «ተነሡ፣ ጨው እንኳ ተቀምጦ ይሟሟል» አለቻቸው። መርፌዬ ከእጄ ወደቀ። ይህን ከእናታችን በቀር ከማን ሰምተኸዋል? ቀጥሎ እግረ ነጯ ጥጃችን መጣች። ቀጥሎ የተሰበረው የመሶባችን ክዳን መጣ። ከዚያ መሪጌታ ከአጥር ውጭ የሚመልሰውን ድምፅ ሰምተው ይህችን ልጅ አስገቧት ይላሉ። ልጅቱም ሳቀች ይላል መጽሐፍህ። ስቃ፣ ፊደልስ ለወንድሜ ይሁን፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብላ ወደ ሙሽርነቷ ሄደች ይላል። ከዚያ አድጋ፣ ባሏን ተከትላ ለንግድ ቆላ ወርዳ፣ በበረሃ በጥም ትሞታለች። በዚህ መንግሥት ለስደት ወጣች ብለህ መጻፍ እንደማይቻልህ ይገባኛል።

ግቢው ሁሉ አለቀሰ። ማሬ እንባዋ ከገጹ ላይ እየወደቀ ማንበብ አቃታት። አንዲት ሴት ነፍስ ይማር አለች። ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አሜን አልሁ። ምን ልበል? አንድ ሰሊጥ አጫጅ ዐይኑን በጋቢው እየጠረገ፣ እትዬ ያለምወርቅ ዛሬስ ቀናቸው፣ ደኅና ነገር መከሩን አለ። የገዛ ሞቴን መክሬ አስለቀስኋቸው፣ ወንድሜ።

ደጉ እስኪመጣ ድረስ እግሬ አላረፈም። ሲመጣ ያዝሁት። ያን የኮረሪማውን ሽፋን የቀደድኸው አንተ ነህ፣ ምን ይል ነበር አልሁት። አሰበና፣ የአይከል አስተማሪ ነው የጻፈው፣ ጋረደው ይላል አለኝ። አውቀውም እንደሆነ ጠየቀኝ። በጀርባዬ አዝዬዋለሁ አልሁት።

አሁን ስማኝ። መሞቴን ይቅር ብዬሃለሁ። የሰማኸውን ነው የጻፍህ፣ አልቅሰህም እንደ ጻፍኸው ከቃሉ ያስታውቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። መሪጌታ አስገቧት ባሉበት ቀን ማታ ከእራት ላይ ለአባታችን ምን እንዳልኸው ረሳኸው? እኔ አልረሳሁም። ያለም ጥጃዋን ትታ ከአጥር ሥር ትውላለች፣ ከተማሪዎቹ ጋር ትሣሣቃለች አልኸው። እኔ የዚያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአንተ ቀድሜ አቡጊዳ እንደ ጨረስሁ ታውቅ ነበር፤ መሪጌታ በተማሪዎቹ ፊት ስለነገሩህ አፍረህ ነበር። አባታችን እጁን አላነሣብኝም። ዝም ብሎ ከአጥሩ አራቀኝ፣ በፋሲካው ዳረኝ። በሠርጉ ቀን እኔ አለቅሳለሁ፣ አንተ ሚዜዎቹ የሰጡህን ዳቦ ትበላ ነበር። ልጅ ነበርህ፣ ዘጠኝ ዓመትህ ነው፤ ለዚያ ልጅ ምንም የለኝም። የምጣላው መጽሐፍ ከጻፈው፣ ከሸበተው ሰውዬ ጋር ነው። ያኔ ሣቀች ብለህ ከአጥሩ አስወጣኸኝ፣ አሁን ደግሞ ሣቀች ብለህ ማስወጣትህን ሸፈንህበት። ሁለት ጊዜ በአንድ ሣቅ።

ሁለት ጁምዓ ሳልመክር ቀረሁ። መጽሐፉን ዱራ ከሚሉት ከማሽላው ዱቄት ሥር ደበቅሁት። ተራ የሚጠብቁ ነበሩና ማሬ ልትወስደው መጣች። አልሰጥም፣ አቃጥለዋለሁ አልኋት፤ ለምን እንደሆነም ነገርኋት። ከአንተ በፊት የሰማችው እሷ ብቻ ናት። ሰምታ ስታበቃ፣ እትዬ፣ ያልወደዱትን ወረቀት ማቃጠል የሸሸናቸው ሰዎች ሥራ አይደለም እንዴ አለችኝ። ሰደብኋት። አፍሽን ዝጊ፣ ሻይሽን ሽጪ አልኋት። እሷም፣ እሺ፣ ከሰደቡኝማ ገበያዬ ሊደራ ነው ብላ ሄደች። ከሄደች በኋላ ተነሣሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ። ዱቄቱን አራግፌ አወጣሁት። አሁንም ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል።

አንድ ቅጠል ወረቀት ላይ ከላይ ለአንተ የጻፍሁትን ጻፍሁ። ልጅቱ አልሳቀችም፣ አልሞተችም፣ ፊደሉንም አልተወችም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ዘግይታ ከጎተራ ጥላ ሥር ጨረሰችው የሚል ነው። ያንተንም ስም አልጻፍሁም፣ የእኔንም አልጻፍሁም። ከመጨረሻው ገጽህ ቀጥሎ በጆንያ መርፌና በሲባጎ ሰፋሁት። ይህኛው ስፌት አያንጠባጥብም።

ነገ ጁምዓ ነው። ተነሥቼ የምለው ይህ ነው። በሲኒማው የመጣው ፊልም ጠመንጃ ብቻ ነው፣ ጠመንጃ ያልጠገበ ይሂድ። የሐጅ አደምን ሙሰልሰል እዩ፣ አንደኛው ወንድም ትናንት አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ ዘግቶታል፤ ምናልባት በዚህ ሳምንት ይናገር ይሆናል። መጽሐፍ የሚፈልግ ኮረሪማውን እንደገና ያንብብ። በደንብ የተጻፈ ነው፤ እናታችን በውስጡ ትናገራለች፤ ይህን ልክድህ አልችልም። ግን ከኋላ የተሰፋውንም ገጽ ጨምሮ ያንብብ። ማሬም ታነባለች። ማን እንደ ሰፋው ቢጠይቁኝ እኔ ነኝ እላለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ከእኔ ገጽ ቀጥሎ አንድ ባዶ ቅጠል ሰፍቻለሁ። እሱ ያንተ ነው። ደጉ የጥምቀት ሰሞን ይመለሳል። የምትጽፍበትን ወረቀት ከቅመሙ መሐል ይደብቅልሃል፤ እዚህ ሲደርስ እኔ እገለብጠዋለሁ። እስከዚያ ባዶውን ገጽ ማንም እንዳይጽፍበት ሣጥኑን እኔው እቆልፋለሁ። አንባቢው ሁሉ ቅጠሉ ለምን ባዶ ሆነ ብሎ ይጠይቀኛል። ጸሐፊው አልደረሰም እላለሁ።

ሣህሊቱን በብዙ ሳምልኝ። አሁን ልጆች ካሏችሁ፣ በማላውቀው ስማቸው ጠርተህ አክስታችሁ በሕይወት አለች በላቸው፤ ሴት ልጅ ካለች ከአጥሩ ውስጥ አስቀምጣት። አክስታችን አሰጋሽን ጉልበቷን ስመህ ይህን ደብዳቤ አንብብላት፣ አንድም ሳትዘልል። ተዝካሬን አውጥታችሁ ከሆነ ለነዳያን የሰጣችሁት ጠላ ጽድቅ ይቆጠርላችሁ፣ አስመልሱልኝ አልልም። መሪጌታ በሕይወት ካሉ፣ ያቺ ከአጥር ውጭ የነበረችው ጨረሰች ብለህ ንገራቸው። አንተም ዐይንህን ከጠመኔ ጠብቅ፤ ገና የምትጽፍበት ሥራ አለህ።

እህትህ ያለምወርቅ

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 18 ቀን 1979 ዓ.ም.