የባሌ ቅጽል

ኅዳር 4
የሰባተኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። ዐይኔ ደከመ። ባለቤቴ ከማተሚያ ቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ፣ «አንቺ የእንግሊዝኛ መምህርት፣ አክሶሪየስ ማለት ምንድን ነው?» አለኝ። አዲሱን ማሽን ሊተክል የመጣው የውጭ አገር መሐንዲስ «አንተ አክሶሪየስ ነህ» ብሎታል፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ።

አላውቀውም። ስንት ዓመት አስተምሬ! «ታታሪ ማለት ነው» አልኩት። ምን አስቀባጠረኝ?

ኅዳር 5
በእረፍት ሰዓት ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ሚስቱን ከልክ በላይ የሚወድ።» ሁለቴ አነበብኩት። የኔ ባል? «ደህና ዋልሽ» እንኳ በስንት ልመና የሚወጣው ሰውዬ? … ደግሞስ ልኩን ማን ለካው? ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባኝም። እኛ እንዲህ ያለውን «ሚስቱ የምትነዳው» ነው የምንለው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ።

ኅዳር 7
ጉድ ፈላ። ደረቱን ነፍቶ «እኔ እኮ አክሶሪየስ ነኝ!» እያለ ለሥራ ባልደረቦቹ ሲናገር ሰንብቷል። መሐንዲሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ አሉ።

ኅዳር 9
እዚያው ማተሚያ ቤት መጽሐፍ የሚጠርዘው የባሌ ታናሽ ወንድም መጣ። «እትዬ፣ አልነገረሽም እንዴ? መሐንዲሱ ለስድስት ወር ሥልጠና ውጭ አገር ልውሰድህ፣ ስትመለስ የማሽኑ ኃላፊ ትሆናለህ ቢለው እምቢ አለ እኮ! ብቻዋን ስትሆን እራት አትበላም ብሎ!»

እውነቱን ነው፣ አልበላም። መቼ አየኝ? ለምንስ አልነገረኝም? ልቀፈው ወይስ ልጩህበት…

ኅዳር 10
ነገርኩት። «ታታሪ አይደለም፣ ዋሽቼህ ነው። ሚስቱን ከልክ በላይ የሚወድ ማለት ነው።»

አቀርቅሮ ጥፍሩ ውስጥ የቀረውን ቀለም ሲፍቅ ቆየ። «ታዲያ ይሄ ስድብ ነው?»

«እንጃ… ሂድ። ተምረህ ና።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? ልጅ ነኝ?»

«እሺ» አለ።

ለምን እሺ አለ? አንዴ እንኳ እምቢ ቢለኝ ምን ነበረበት?

ኅዳር 26
ሸኘሁት። አላለቀስኩም።

ታኅሣሥ 2
ባሏን ከልክ በላይ ለምትወድ ሴት የሚሆን ቃል ፈለግኩ። ያገላበጥኩት መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። ለሷ ሲሆን ያው ልኩ ነው ብለው ይሆን?

ማታ ደወለ። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ብርዱ አወራ። መሀል ላይ «ናፈቅከኝ» አልኩት።

ደንግጦ፣ «ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?»

ለካ እኔም ብዬው አላውቅም።