የሰኢድ መርፌ

ማክሰኞ

ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጀርባ ሦስት ብልቃጥ መርፌ አገኘሁ። በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሏል። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። አርካዊት ሰፈር የቤት ሥራ የምሠራላቸው የሀጃ ባል ኩላሊታቸውን ታመው፣ ደም እንዲተካላቸው የሚወጉት ነው። ከፋርማሲ የማመጣላቸውም እኔ ነኝ።

ባሌ ሰኢድ ግን በሽታ የለበትም። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ሱዳን፣ ካላክላ ሰፈር ለአንድ ክለብ ኳስ ይጫወታል።

ከልምምድ ሲመለስ ጠየቅኩት። አልዋሸኝም። ውሸት አይችልበትም፣ ጆሮው ይቀላል። የክለቡ ወጌሻ ነው የሰጠው። ጁምዓ ጨዋታ አላቸው፤ አሠልጣኙ ለከርሞ ማንን በቡድኑ እንደሚያቆይ የሚወስነው ያን አይቶ ነው።

"ትንፋሽ ይጨምራል። ሁሉም ይወጋል" አለኝ።

ገና አልተወጋም። አልሐምዱሊላህ።

ረቡዕ

ተከራከርን። እሱ ሽንኩርት ይልጣል፣ እኔ እከትፋለሁ። ሁለታችንም አለቀስን።

"እኔ ይፈቀድ ነው የምለው" አለ። "ሁሉም በግልጽ፣ ሐኪም እያየው ከወሰደ ማን ማንን አታለለ?"

እውነት ይመስላል። መልሱ ልብስ ሳሰጣ ነው የመጣልኝ፤ ተመልሼ ገባሁ።

"ከተፈቀደማ የማይፈልገውም ሊወጋ ነው። እምቢ ካለ ከቡድኑ ይወጣላ። አሁንስ አንተን ያስፈራህ ይኸው አይደል?"

"አንቺን ጠበቃ ነበር ማድረግ" ብሎ ሽንኩርት የነካ እጁን አፍንጫዬ ላይ ጠረገው።

መርፌውን ግን አልጣለም።

ሐሙስ

ለሀጃ ነገርኳቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። "ጤነኛ ሰው ሲወጋው ደሙ ይወፍራል። ልቡ ላይ ሊረጋበት ይችላል" አሉኝ። ከዚያ ስልኬን ተቀብለው ራሳቸው ለሰኢድ ደወሉለት።

"የኔ ሽማግሌ የሚወጋው ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ነው። አንተ ሜዳ ሙሉ ትሮጣለህ። ምን ጎደለህ ልጄ?"

ሰኢድ "ሐዲር ሀጃ፣ ሐዲር" ይላል። እሺ፣ እሺ ብቻ ነው።

ቤት ስገባ ብልቃጦቹ የሉም። ለወጌሻው መልሶለታል፤ ወጌሻው ስቆበታል። "ነገ ከሁሉም ኋላ ብቀርስ?" አለኝ ሰኢድ። ማሊያውን ተኮስኩለት።

ጁምዓ

ከዐስር ሶላት በኋላ ሜዳ ሄድኩ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ሰኢድ እስከ እረፍት ጥሩ ነበር፣ ሁለት ኳስ ከአጥቂ እግር ስር ነጠቀ። ከእረፍት በኋላ ግን ትንፋሽ አጠረው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲቆም በእሱ በኩል ጎል ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

አጠገቤ ያለች ሱዳናዊት "ይሄን ሽማግሌ አያስወጡትም?" አለች።

"ባሌ ነው" አልኳት።

ደነገጠች። ውሃዋን ሰጠችኝና አብረን ሳቅን። ሀያ ደቂቃ ሲቀር ቀየሩት። እየወጣ በዓይኑ ሲፈልገኝ እጄን አነሳሁለት።

ቅዳሜ

አሠልጣኙ ጠዋት ደወለ። "ነገ ና፣ እንነጋገር" ብቻ ነው ያለው። ሊያቆየው ይሁን ሊያሰናብተው አልገለጸም። ሰኢድ ስልኩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

"ካባረረኝ ምን እሆናለሁ?" አለኝ።

"የኔ ባል" አልኩት። ሳይዋሽም ጆሮው ቀላ።

ጉልበቱ አብጧል፤ በረዶ አሰርኩለት። እያወራኝ እንቅልፍ ወሰደው። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ሌላ ቀን ቢሆን በክርኔ ጎሰም አደርገው ነበር። ዛሬ ተውኩት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምስር እየለቀምኩ ነው፤ እንዳይነቃ የስልኬን ድምፅ ስላጠፋሁ የሀጃ ጥሪ ሁለቴ አመለጠኝ።