ጉጉቱ ለተባለው ወንድሜ፣ ስለ ሰማያዊው ጋዋን

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ፤ እንዴት ነህልኝ? ከመሪው ጋር ሲታገል የሚውለው ትከሻህስ ተሻለው? እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃውን ፈቀደላት? ባለቤትህ ከወሊዱ ወዲህ ፊቷ ተመለሰ? እኔን ሳትጠብቁ ስም ያወጣችሁላት ያቺ ጩኸታምስ ዛሬም ሌሊቱን ቀን ታደርገዋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉንጬ እንኳ ሞልቷል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እያነበብኩ ብዙ ቦታ ላይ ስቄያለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ሳቄ ቀጥ አለ። በማለዳው ጉዞ መሪ እንደያዝክ ለአንዲት አፍታ አሸልቦህ፣ አውቶቡሱ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ገጭቶ እንደቀሰቀሰህ ጽፈሃል። ከኋላህ የተቀመጡት አሮጊትም "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ መንገድ አልበቃህ አለ?" አሉህ አይደል? አሮጊቷ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ እኔ ግን ወረቀቱን አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። ልጅቷን አቅፈህ ስትንጎራደድ ታነጋለህ፣ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ሰው የሞላ አውቶቡስ ትነዳለህ። ለስምሪት ኃላፊው "ልጄ እስክትጠና ድረስ የረፋዱን ጉዞ ስጠኝ" ብትለው እንደማይከለክልህ ራስህ ነግረኸኛል። የያዘህ የሾፌሮቹ አፍ ነው። እንቅልፍ አይጥለውም ብለው "ጉጉቱ" ብለውሃልና ስሙ እንዳይወሰድብህ ፈርተሃል።

አልፈርድብህም፤ የአንድ እናት ልጆች ነን። እኔም ተመርቄ እዚህ ቀለም ፋብሪካ ስቀጠር ዓለምን በአንድ ክረምት የምገለብጣት መስሎኝ ነበር። ቀን ቤተ ሙከራ፣ ማታ ለሁለተኛ ዲግሪ ንባብ፤ እንቅልፍ ደግሞ ሥራ የሌለው ሰው ጉዳይ። የቤተ ሙከራችን በር ላይ ነጭና ሰማያዊ ጋዋን ይሰቀላል። ነጩን የለበሰ ሰው አዲስ የተሠራውን ቀለም ደንበኛው ካመጣው ናሙና ጎን አድርጎ ይመሳሰላል ወይም አይመሳሰልም ብሎ ይፈርዳል። ሰማያዊው ሌሊቱን በቅጡ ላልተኛ ሰው ነው። እሱ ያን ቀን በቀለም ላይ አይፈርድም፣ ወደ መፍጫው ማሽንም አይጠጋም፤ ጣሳ ሲያጥብ፣ ናሙና ሲደረድር ይውላል። ለምን አልተኛህም ብሎ የሚያፋጥጠው የለም።

ይህን ሲነግሩኝ በሆዴ ሳቅሁ። ሳልተኛ እየመጣሁም ነጩን እየለበስኩ ከረምኩ። አጠገቤ የምትሠራው ባለ መነጽሯ ልጅ "አንቺዬ፣ ዓይንሽ ቲማቲም መስሏል፤ ሰማያዊው ያምርብሽ ነበር" ስትለኝ፣ "ቅናት ነው፣ መነጽርሽን ጥረጊ" እላት ነበር።

ባለፈው ወር ግን ትልቅ ትዕዛዝ መጣ፤ የአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍሎች ሁሉ የሚቀቡበት ፈዛዛ አረንጓዴ። በዋዜማው ልክ ነው ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ የመጨረሻው ፊርማ የሚቀረው ከክፍላችን ኃላፊ ነበር። እሳቸውን ሁላችንም እትዬ ሚዛን ነው የምንላቸው፤ እኛ አንድ ነጭ ብለን የምናልፈውን እሳቸው ለይተው በየስሙ ይጠሩታል። ሥራ አስኪያጁ ደንበኛውን አስከትለው ቆመዋል። እትዬ ሚዛን ገቡ፣ እጃቸውን ሰደዱ፣ ሰማያዊውን አነሱ።

ሥራ አስኪያጁ "እትዬ፣ ዛሬ ይቀለዳል?" ቢሏቸው፣ ጋዋኑን እየቆለፉ "እናቴን ሳስታምም ነው ያነጋሁት። ዓይኔ ያያል፣ እኔ ግን ዛሬ አላምነውም። እነዚህ የክፍሌ ልጆች ይዩት፤ እርስዎ ልቤ አይረጋም ካሉ ነገ ተኝቼ እመጣለሁ" አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ጣሳው ገንዳ ሄዱ። ወንድም ጋሼ፣ ሰው እንደዚያ ሲከበር አይቼ አላውቅም። እኔ ሳነብ ያደርኩት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነጬን አውልቄ ተከተልኳቸው። ባለ መነጽሯ ብቻዋን ቀረች። ቀለማችንን ከናሙናው ጋር ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላብጣ አየችና "ቢጫ ይጎድለዋል" አለች። እኔ ልክ ነው ብዬ በመሐላ እከራከር ነበር። በማግስቱ እንደ ሰው ተኝቼ ሳየው የሁለቱ ልዩነት ከበር ላይ ይታያል።

ጣሳ ስናጥብ እትዬ ሚዛን "ያልተኛ ሰው ራሱን የሚለካበት ዕቃም አብሮት ይደክማል፤ ለዚህ ነው ደህና ነኝ የሚለው" አሉኝ። ሰውነት የተጎዳውን የሚጠግነው፣ አእምሮ የቀኑን ትምህርት የሚያኖረው ስንተኛ መሆኑን በትምህርት ቤት ተምሬ ፈተናውን አልፌበታለሁ፤ ወደ ራሴ ሕይወት ግን አላስገባሁትም ነበር። አሁን ስልኬን ከአልጋው አርቄ፣ ከምሳ በኋላ ቡና ትቼ በጊዜ እተኛለሁ። ያነበብኩት ይቀመጥልኛል። አልለቅ ያለኝ ጉንፋን ለቀቀኝ። ባለ መነጽሯን መናከስም ተውኩ፤ አሞሽ ነው ወይ ትለኛለች።

አንተን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳደንቅህ ነው ያደግሁት። ያን ግዙፍ አውቶቡስ በጠባብ ሰፈር ወደኋላ ስታስገባው ሰው ቆሞ ያይሃል። የእጅህን ጥበብ ማንም አይወስድብህም፤ እንቅልፍ ግን በአንዲት አፍታ ይነጥቅሃል፣ ሳያስፈቅድህ። የተከፈተ መስኮትና የጮኸ ሬዲዮ አያቆሙትም። ስለዚህ ለኃላፊው ንገረው። ሾፌሮቹ ይስቁ፣ ከፈለጉም ጉጉቱን ትተው ዶሮው ብለው ይጥሩህ። ከመካከላቸው ግን ቀድሞ የሚናገር ሰው የሚጠብቅ አይጠፋም፤ እኔም ሳላውቀው እትዬ ሚዛንን ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

እማዬን "ጉልበትሽን ሳሚልኝ" በልልኝ፤ አይ፣ አንተው ሳምልኝ። ለባለቤትህ፣ እንቅልፉ ለእሷም እንደሚገባና ተራ ማውጣት እንዳለባችሁ ከሰላምታዬ ጋር ንገራት። ለአክስቴ፣ ከሰዓት መጥታ ሕፃኗን ብትይዝላችሁ ውለታዋን ስመጣ ጉንጯን ስሜ እከፍላለሁ በላት። ጩኸታሟን መዳፏን ሳምልኝ። አንተ ግን ይህን አንብበህ ስትጨርስ መልስ ልጻፍ ብለህ እንዳትቀመጥ። ተኛ። ከነቃህ በኋላ ትጽፍልኛለህ።

እህትህ

ከቀለም ፋብሪካው ሠራተኞች ማደሪያ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት ፲፬ ቀን