የጭልጋ ሦስተኛዋ መራጭ

ኅዳር 14፣ ጠዋት
ጥይቱ ደረሰ። ከጎንደር እስከ ትክል ድንጋይ ጫካ፣ በበርበሬ ስልቻ ውስጥ። ኬላ ላይ ያለው ጣልያን ስልቻውን ከፍቶ ሲያስነጥስ ሣቄን እንዴት እንደዋጥሁት! ትከሻዬ ተልጧል። ግድ የለም። ደብተሬ፣ ትልቅ ወሬ አለ፦ የወገራ፣ የአርማጭሆና የጭልጋ አርበኞች አንድ አለቃ ሊመርጡ ነው። እስከ ዛሬ በየፊናችን ስንዋጋ ጠላት ተራ በተራ ሲያጠቃን ኖረ።

ኅዳር 15
ጭቅጭቅ። ወገራዎች ብዙ ናቸው፤ ምርጫው በሰው ቁጥር ይሁን አሉ። እኛ ጭልጋዎች ጥቂት ነን፤ ለየአገሩ እኩል ይሁን አልን። ሁሉም ጠመንጃውን እንደያዘ ተነሣ። ፈራሁ።
የአርማጭሆው ሽማግሌ ቄስ ገብሬ አስታረቁ። ለየአገሩ እኩል ሁለት ሁለት መራጭ፤ በዚያ ላይ ለየመቶው ሰው አንድ። ወገራ ስድስት፣ አርማጭሆ አራት። ጭልጋ ግን ወንዱ ብቻ ተቆጥሮ መቶ አልሞላም። አላስቻለኝም።
«ጥይት የምናመጣው ሴቶች ሰው አይደለንም?» አልሁ።
ቄስ ገብሬ በሰፈሩ ያለች ሴት ሁሉ ትቆጠር አሉ። የሌሎቹ ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ቁጥራቸው አልተለወጠም። እኛ ግን ሞላን! ሦስት መራጭ!

ኅዳር 16፣ ረፋድ
ሦስተኛዋ እኔ ሆንሁ።
እጩዎቹ ሁለት። አንዱ የአርማጭሆው አያ ወርቁ፦ መጀመሪያ የጠላት ስንቅ የሚያልፍበትን መንገድ ቆርጠን እናስርበው ባይ። ሁለተኛው የወገራው ታደለ፦ ዛሬውኑ የጣልያንን ምሽግ እንውጋ ባይ። ታደለ ወንድሜ ነው። ወገራ ተወልጄ ጭልጋ ያገባሁ ነኝ። ጭልጋ ደግሞ ለአያ ወርቁ ቆርጧል።
ታደለ መጣ። «የእናቴ ልጅ፣ ድምፅሽ ለማን ነው?»
«የላከኝ ጭልጋ ነው፣ ታዴ።»
ጠመንጃውን አንግቶ ሄደ። አለቀስሁ። ግን እኮ የምሽጉን መትረየስ በዓይኔ አይቻለሁ! ወንድሜን ያጭደዋል።

ኅዳር 17
እ/ር ይመስገን! ለአያ ወርቁ ባቄላ፣ ለታደለ ሽንብራ፤ በየተራ ቅል ውስጥ ጣልን። ቄስ ገብሬ ዘረገፉት። ሽንብራ ስድስት። ባቄላ ሰባት።
ወገራዎች አጉረመረሙ፤ ብዙው ሰው ታደለን ሲፈልግ እንዴት ተብሎ። አንዱ ጠመንጃውን አቀባበለ። ታደለ ብድግ አለ።
«ደንቡን ስንቀበል ሁላችንም ነበርን» አለ።
የራሱን ጠመንጃ አያ ወርቁ እግር ሥር አኖረ። አያ ወርቁ አንሥቶ መለሰለት፤ መንገዱን የሚቆርጠውን ጦር አንተ ምራ አለው። እልል አልሁ! ድምፄ ተዘጋ። ታደለ ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

ኅዳር 18፣ ጠዋት
ጦሩ ሊነሣ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ታደለ ቄስ ገብሬን ልኮ፣ እህቴ ትምራን አለ። እሱ ራሱ! ምነው ልቤ እንዲህ ዘለለ?
እሄዳለሁ ብዬ ልኬበታለሁ። በቅሎዎቹ ተጭነዋል። ከፊት እኔ፣ ከኋላዬ ታደለ።