ስምንት መቅዘፊያ የቆጠሩት አቶ ሳህሉ ተገኘ (1949–2017 ዓ.ም.)

አቶ ሳህሉ ተገኘ ከአባታቸው ከመሪጌታ ተገኘ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ የወርቅውሃ ካሳ በሐምሌ ወር 1949 ዓ.ም. በወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ተወለዱ። ወይዘሮ የወርቅውሃ ልጆቻቸው ስንት እንደሆኑ ሲጠየቁ "ያሉት አሉ" ብለው ያልፉ ነበር። የሰው ልጅ አይቆጠርም፣ የተቆጠረ ይጎድላል ይሉ ነበርና። አቶ ሳህሉም ይህን ከእናታቸው ወርሰው ኖሩ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐይቅ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በደሴ አጠናቀቁ። በዘመኑ መከራ ምክንያት በሱዳን በኩል ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ፣ ኦክላንድ ገቡ፤ ለአሥራ ስምንት ዓመታትም ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር በትራክ አመላለሱ። እ.ኤ.አ. በ1991 ከወይዘሮ አመለወርቅ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ማቲዎስንና ወንጌላዊትን ወለዱ። እኔን የወንድማቸውን ልጅ ባስልኤልንም በዲቪ ስመጣ ተቀብለው እንደ ልጃቸው አኖሩኝ፤ ስንተኛ ልጃቸው እንደሆንኩ ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ወገባቸው ትራኩን እምቢ ሲል፣ ሬድውድ ሲቲ አጠገብ ወንዝ ዳር ባለ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የጀልባ ቤት ተቀጠሩ። ዋና አይችሉም ነበር። ወዳጃቸው አቶ ሚልክያስ "ሳህሉ፣ በላይፍ ጃኬት ነው አሉ የምትተኛው" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ወንዙ ጠባብ ነው። ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን ስለማያሳልፍ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሲወዳደሩ ጀልባዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ አንዱ ሌላውን ያሳድዳል። በእያንዳንዱ ጀልባ ስምንት ቀዛፊዎችና አንድ መሪ አሉ። መሪው መቅዘፊያ አይዝም፤ አቅጣጫ ይጠብቃል፣ ምቱን ጮክ ብሎ ይቆጥራል። የአቶ ሳህሉ ሥራ የወጣው ሰው ሁሉ መመለሱን ቆጥረው በሬዲዮ ማሳወቅ ነበር። ሰው መቁጠር ግን አልሆነላቸውም። ስለዚህ መቅዘፊያ ቆጠሩ። ስምንት ወጣ፣ ስምንት ገባ። ለአሥር ዓመታት አልሳቱም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ጠዋት፣ ጉም ወርዶ ሳለ፣ አንድ ጀልባ ከኋላው ተገጭቶ ተገለበጠ። ሁለት የሞተር ጀልባዎች ቀዛፊዎቹን ተከፋፍለው አነሡ፤ በእያንዳንዱ ያሉት መሪያቸው በሌላው ያለች መሰላቸው። አቶ ሳህሉ ተጎትቶ የመጣውን ጀልባ መቅዘፊያዎች ቆጠሩ። ስምንት ነበሩ። "ኦል ኢን"፣ ሁሉም ገብተዋል ብለው በሬዲዮ ተናገሩ፤ ፍለጋውም ቆመ። መሪዋ ሊን ንጉየን የምትባል የሃያ ዓመት የሳን ሆዜ ልጅ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ውኃው ወደ ባሕር ሲሸሽ የወንዙ ጭቃ ላይ ተገኘች።

መርማሪዎቹ ጥፋቱን በጉሙ አሳበቡ። አቶ ሳህሉን እንዴት እንደቆጠሩ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እሳቸውም ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ ጉም በወረደ ጠዋት ሁሉ፣ ጀልባዎቹ መደርደሪያቸው ላይ እያሉ፣ ከወንዙ የሴት ልጅ ድምፅ ይሰማ ጀመር። በእንግሊዝኛ ከአንድ እስከ ስምንት ይቆጥራል፤ ዝም ይላል፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ወንጌላዊት ቁርስ ልታደርስላቸው ሄዳ "ዳዲ፣ ሳምዋን ኢዝ አውት ዜር፣ ውኃው ላይ ሰው አለ" ስትላቸው "አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አንቺ መኪናሽ ውስጥ ግቢ" አሏት። ይህን ስሰማ ስቄ ነበር። ራሴ ሄጄ ከሰማሁ ወዲህ ግን አልሳቅሁም። ድምፁ እየቀረበ መጣና በፊታችን አለፈ፤ ውኃው ግን ንቅንቅ አላለም። አጎቴ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በቀስታ፣ "ዘጠኝ" አሉ። ያን ጊዜ ዝም አለ። ለምን እንዳሉት አልጠየቅኋቸውም፤ ፈርቼ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 ጡረታ ወጡ። ባለፈው ታኅሣሥ ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ ከሳንባቸው ውኃ ቀዱ፤ በማግሥቱ ተመልሶ ሞላ። በዚህ በሽታ የተለመደ ነው አሉን። አንድ ጠዋት ያለምዘውድ የምትባል ነርስ "ጋሼ፣ ማነው የሚቆጥረው? ቲቪውን ኦፍ አድርጌዋለሁ እኮ" ስትላቸው አለቀሱ። በዚያው ቀን የመቅዘፊያውን ነገር ነግረውኝ በቀብራቸው እንዲነበብ አዘዙኝ። ወይዘሮ አመለወርቅ፣ በሬሳ ላይ ነውር አይነበብም ብለው ተቃወሙ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ግን ሳይጠራልኝ ልሄድ ነው" አሏቸው አጎቴ። ከዚያ በኋላ የተከራከራቸው የለም።

አቶ ሳህሉ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ዳዊንና እኔን ትተው ሄደዋል።

የሊን እናት ሚስስ ንጉየን ዛሬ ከሳን ሆዜ መጥተው በመካከላችን ተቀምጠዋል። አጎቴን የሚያውቋቸው፣ በየዓመቱ አበባ ይዘው በራቸውን የሚያንኳኩ ደግ ሰው አድርገው ነው። አማርኛ አይሰሙም። ይህ ንባብ ሲያበቃ አጠገባቸው ተቀምጬ በእንግሊዝኛ የምነግራቸው እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር የአጎቴንና የሊንን ነፍስ ከጠባቡ ውኃ አውጥቶ በሰፊው ዕረፍቱ ይቀበልልን፤ ለእኚህም እናት መስሚያ ልብ፣ ለእኔም መናገሪያ አፍ ይስጠን። አሜን።